ስለ ሴት ልጅ የመራቢያ አካላት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጓደኛ ለጓደኛ በሹክሹክታ የሚጠያየቃቸው፣ ሐኪም ፊት ሲደረስ ደግሞ ምላስ ላይ የሚቀሩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ እንጀምር።

የሴት ልጅ የመራቢያ አካላት የትኞቹ ናቸው?

ከውጭ የሚታዩ አሉ፤ ውስጥ ያሉም አሉ። ከውጭ ትልልቆቹና ትንንሾቹ ከንፈሮች፣ ቂንጥርና የብልት መግቢያ ይገኛሉ። ከንፈሮቹ የውስጡን ይከልላሉ። መጠናቸውና ቀለማቸው ከሴት ሴት ይለያያል፤ አንዱ ከሌላው ረዘም ቢልም ችግር የለውም። ቂንጥር የስሜት አካል ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም። ከውጭ የምትታየው ጫፉ ብቻ ናት። አብዛኛው ክፍሉ በብልት መግቢያ ግራና ቀኝ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። አውስትራሊያዊቷ ሐኪም ሄለን ኦኮነል ይህን በዝርዝር አጥንታ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ሰው ጨረቃ ላይ ከወጣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሲል መሆኑ ነው!

ውስጥ ደግሞ ብልት ራሱ አለ፤ ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ የሚለጠጥ የጡንቻ መተላለፊያ ነው። መጨረሻው ላይ የማህፀን በር ይገኛል፤ ከሱ ቀጥሎ ማህፀን። ከማህፀን ላይኛው ክፍል ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይወጣሉ። በየቱቦው ጫፍ አጠገብ አንዳንድ ኦቫሪ አለ። እንቁላል የሚያሳድጉት፣ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉትን ሆርሞኖች የሚያመነጩትም ኦቫሪዎች ናቸው።

ሽንትና የወር አበባ የሚወጡት በአንድ ቀዳዳ ነው?

አይደለም። ቀዳዳዎቹ ሦስት ናቸው። ከፊት ትንሿ የሽንት ቀዳዳ፣ መሃል ላይ የብልት መግቢያ፣ ከኋላ ፊንጢጣ። ወልደው ከብደው ይህን የማያውቁ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ማንም ካላስተማረ ከየት ይታወቃል?

የሴት የሽንት ቧንቧ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የወንዱ ወደ 20 ይጠጋል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሴቶችን የሚያጠቃበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ባክቴሪያው እስከ ፊኛ የሚሄደው መንገድ አጭር ነው። ሴት ልጅ ያላችሁ፣ ስትጠርግም ስትታጠብም ከፊት ወደ ኋላ እንድታደርግ ከሕፃንነቷ አለማምዷት።

ታዲያ ፊስቱላ ሲይዝ ሽንት በብልት የሚወጣው እንዴት ነው?

ብልት ከፊቱ ፊኛ፣ ከኋላው ደንዳኔ አለው። የሚለያቸው ስስ ግድግዳ ነው። ምጥ ተራዝሞ ቀናት ሲቆይ የልጁ ጭንቅላት ያንን ግድግዳ ከዳሌ አጥንት ጋር ያጣብቀዋል። ደም የማይደርሰው ሥጋ ይሞታል፤ ይበሳል። ከዚያ በኋላ ሽንቱን፣ አንዳንዴም ሰገራውን መቆጣጠር አይቻልም።

እርግማን አይደለም፤ በጊዜ ያልተረዳ ምጥ ውጤት ነው። በቀዶ ሕክምናም ይጠገናል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1974 ያቋቋሙት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ሕክምናውን በነፃ እየሰጠ የኖረ ነው።

ማህፀን ምን ያህላል?

ያላረገዘች ሴት ማህፀን ርዝመቱ 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 5 ገደማ ነው። ክብደቱ 60 ግራም አካባቢ። ጠንካራ ጡንቻ ነው። እርግዝናው ሲገባደድ ጡንቻው ብቻውን ወደ 1 ኪሎ ይደርሳል፤ ጫፉም የጎድን አጥንት ሥር ይገባል። ከወሊድ በኋላ በስድስት ሳምንት ገደማ ወደ ቦታው ይመለሳል።

አራስ ሴት ስታጠባ ሆዷን ቁርጥ የሚያደርጋትም ለዚህ ነው። ልጁ ጡት ሲስብ ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን ይለቀቃል፤ ማህፀኑ ይኮማተራል። ያማል፣ ግን ደም እንዳይፈስ የሚያደርገው ይኸው መኮማተር ነው።

እንቁላል በየወሩ ይመረታል? ያልቃል ወይ?

አይመረትም። ሴት ልጅ እንቁላሏን ይዛ ነው የምትወለደው። ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ይሆናል፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ ይቀራል። በዕድሜዋ ሙሉ ከኦቫሪ የሚወጣው ግን ከ400 እስከ 500 ብቻ ነው። ሌላው ራሱ እየሟሸሸ ይጠፋል። ስለዚህ አዎ፣ ያልቃል። የወሊድ መቆጣጠሪያ መውሰድ እንቁላል «አይቆጥብም»፤ አያባክንምም።

በየዑደቱ ጥቂት እንቁላሎች ማደግ ይጀምራሉ፤ ብዙውን ጊዜ አንዷ ብቻ በስላ ትወጣለች። ኦቫሪና ቱቦው የተጣበቁ አይደሉም። የቱቦው ጫፍ እንደ ጣት የተዘረዘረ ነው፤ እሱ ኦቫሪውን እየዳሰሰ እንቁላሏን ይስባታል። ከዚያ በቱቦው ውስጥ ያሉ ደቃቅ ፀጉሮች እየገፉ ወደ ማህፀን ይወስዷታል። እንቁላሏ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ስለምታህል በዓይን ልትታይ ምንም አይቀራት፤ ከሰው ሴሎች ትልቋ ናት።

የወር አበባ ቆሻሻ ደም ነው?

አይደለም። ማህፀን በየወሩ ምናልባት ፅንስ ይመጣ ይሆናል ብሎ የውስጥ ሽፋኑን ያወፍራል። ፅንስ ካልመጣ ሆርሞኖቹ ይወርዳሉ፤ ሽፋኑም ከደም ጋር ተልጦ ይወጣል። መርዝ የለበትም፣ ከሰውነት የሚጣል ቆሻሻም አይደለም። ሲበዛ ሲበዛ የሚመስለው ደም በአማካይ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ነው። ከ80 ከበለጠ በዝቷል ይባላል። ማንኪያ ይዞ የሚለካ የለም፤ ሞዴስ በየሰዓቱ የምትቀይሪ ከሆነ ወይም ትልልቅ ጓል ከወጣ ታከሚ። ደም ማነስ ሳይታወቅ የሚገባው በዚህ በኩል ነው።

ቤተ ክርስቲያን አለመግባቱ፣ መስጊድ ውስጥ አለመስገዱ፣ ቤተ እስራኤሎች ድሮ ለብቻው ይሠሩት የነበረው የመርገም ጎጆ፣ ይህ ሁሉ የየእምነቱ ሥርዓት ነው። እሱን ለሃይማኖት አባቶች እተወዋለሁ። በሕክምና በኩል ግን የምትደማ ሴት አልታመመችም፣ አልቆሸሸችም፤ ቡና ብታፈላም እንጀራ ብትጋግርም የሚበላሽ ነገር የለም።

መርፌ ጀምሬ የወር አበባዬ ቀረ። ደሙ የት እየተጠራቀመ ነው?

የትም። የሦስት ወሩ የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ የማህፀኑ ሽፋን እንዳይወፍር ያደርጋል። ያልወፈረ ነገር አይላጥም። ጭንቅላት ላይ ይወጣል፣ እጢ ይሆናል የሚባለው ወሬ ነው። ዝም ብሎ ሲቀር የሚያሳስበው መርፌ ሳትወጊ ከቀረ ነው። ያኔ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ፤ ከዚያ ደግሞ ክብደት በጣም መቀነስ፣ ጭንቀትና የሆርሞን መዛባት ይታያሉ።

የኔ 28 ቀን አይሞላም፣ አንዳንዴ ያልፋል። ጤነኛ ነኝ?

ከ21 እስከ 35 ቀን ባለው ውስጥ ከሆነ አዎ። የሚቆጠረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን እስከሚቀጥለው የመጀመሪያ ቀን ነው። ሁለት ሦስት ቀን ወዲያ ወዲህ ማለቱ ያለ ነው። የወር አበባ በጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታትና ማረጥ ሲቃረብ ደግሞ ጭራሽ ይዘበራረቃል።

የሚወጣኝ ነጭ ፈሳሽ በሽታ ነው? ውስጤን ልታጠብ?

ጤናማ ብልት ፈሳሽ አለው። ነጭ ወይም ጠራ ያለ፣ የከፋ ሽታ የሌለው ነው። በወሩ መሃል፣ እንቁላል ሊወጣ ሲል ባሕሪው ይቀየራል። በሁለት ጣት ይዘሽ ብትለያያቸው እንደ ጥሬ እንቁላል ነጩ ክፍል ይሳባል፤ ቶሎ አይበጠስም። ይህ ፈሳሽ ለወንድ ዘር መንገድ ይከፍታል። ቀኑ ካለፈ ይወፍርና በሩን ይዘጋል።

መታጠቡን በተመለከተ፣ ውጭውን በውሃ፣ ውስጡን በምንም። ብልት ውስጥ ላክቶባሲለስ የሚባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ አሲድ እየሠሩ ሌላው ተህዋስ እንዳይራባ ይጠብቃሉ። በሳሙና፣ በሎሚ፣ በኮምጣጤ ውስጥሽን ስታጥቢ የምትጨርሺው እነሱን ነው። ሽታው የሚብሰውም ከዚያ በኋላ ነው። ወይባ ጢስ የምትሞቅ ቆዳዋ ያምርላት ይሆናል፣ ባህላችንም ነው፤ ማህፀን ግን አያጸዳም። ዓሣ ዓሣ የሚል ሽታ፣ የሚያሳክክና የረጋ ፈሳሽ፣ አረንጓዴ ቀለም፣ ወይም ደም የቀላቀለ ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ ሂጂ።

የወር አበባ ሲመጣ ህመሙ አልጋ ላይ ይጥለኛል። «ስትወልጂ ይተውሻል» ይሉኛል።

ሽፋኑ ሲላጥ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቀቃል፤ ማህፀኑን ያኮማትረዋል። ሲበዛ ቁርጠቱም ይበዛል፣ ማስታወክና ተቅማጥም ይከተላል። አይቡፕሮፌን የሚያስታግሰው የዚህን ንጥረ ነገር መመረት ስለሚቀንስ ነው። እና ህመሙ ካየለ በኋላ ሳይሆን ሲጀማምር፣ ምግብ ተበልቶበት ቢወሰድ ይሻላል። ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያምሽ ከሆነ ግን ሐኪም ሳታማክሪ አትውሰጂው።

ሲወለድ የሚቀልላቸው አሉ፣ እውነት ነው። ግን ከትምህርት ወይም ከሥራ የሚያስቀር፣ ከዓመት ዓመት የሚብስ፣ በግንኙነት ጊዜም የሚያም ህመም «የሴት ነገር ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ኢንዶሜትሪዮሲስ ሊሆን ይችላል። የማህፀን ሽፋን የመሰለ ሥጋ ከማህፀን ውጭ ሲበቅል ማለት ነው። መድኃኒትም ቀዶ ሕክምናም አለው። እስክትወልድ ጠብቂ የምትባል የ16 ዓመት ልጅ ታሳዝነኛለች።

የማረገዝበት ቀን የትኛው ነው? በወር አበባ ጊዜስ ይረገዛል?

እንቁላል የሚወጣው የሚቀጥለው የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ዑደትሽ 28 ቀን ከሆነ በ14ኛው ቀን አካባቢ፣ 35 ከሆነ በ21ኛው፣ 22 ከሆነ ደግሞ በ8ኛው። እንቁላሏ ከወጣች በኋላ የምትቆየው ቢበዛ 24 ሰዓት ነው። የወንድ ዘር ግን እስከ 5 ቀን ይኖራል። ስለዚህ እርግዝና የሚፈጠርባቸው ቀናት እንቁላል ከመውጣቷ በፊት ያሉት አምስቱና ያቺው ዕለት ናቸው።

አሁን የ22 ቀኗን ሴት ተመልከቺ። በ5ኛው ቀን፣ ደሙ ገና ሳይቆም ግንኙነት ብታደርግ ዘሩ እስከ 8ኛው ቀን ሊጠብቅ ይችላል። በወር አበባ ጊዜ አይረገዝም የሚለው በዚህ ይፈርሳል። ቀን ቆጥሬ እጠነቀቃለሁ የምትይ ከሆነ ዑደትሽ ሰዓቱን የማይስት መሆን አለበት፤ የብዙ ሴት ዑደት ደግሞ እንደዚያ አይደለም።

እያጠባሁ ነው፤ አረግዛለሁ?

ሦስት ነገር ከተሟላ የማርገዝ ዕድልሽ ከመቶ ሁለት ገደማ ነው። ልጁ ከስድስት ወር በታች ከሆነ፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ የሚጠባ ከሆነ፣ የወር አበባሽም ካልተመለሰ። አንዱ ከጎደለ ሌላ መከላከያ ያስፈልግሻል። የወር አበባ እስኪመለስ ልጠብቅ ማለት ደግሞ ያታልላል፤ እንቁላል ከደሙ ቀድማ ነው የምትወጣው።

ሴት ሴት ብቻ የምወልደው ማህፀኔ ወንድ ስለማይዝ ነው?

ማህፀን ጾታ አይመርጥም። እንቁላል ሁሌም ኤክስ ክሮሞሶም ነው የምትይዘው። የወንዱ ዘር ኤክስ ከያዘ ሴት፣ ዋይ ከያዘ ወንድ ይወለዳል። ወሳኙ የአባትየው ነው፤ እሱም ቢሆን ፈቅዶ አይደለም። በዚህ ሰበብ የፈረሰ ትዳር ካለ ያለጥፋቷ የተፈረደባት እሷ ናት።

ፖስትፒል ደጋግሜ ወስጃለሁ። ማህፀኔን ጎዳው?

ፖስትፒል ከግንኙነት በኋላ የሚወሰድ የእርግዝና መከላከያ ነው፤ ማህፀን አያበላሽም፣ መካን አያደርግም፣ የተረገዘም አያስወርድም። የሚሠራው እንቁላል የምትወጣበትን ቀን በማዘግየት ነው። እንቁላሏ ወጥታ ከሆነ የሚያዘገየው ነገር የለም፤ አንዳንድ ሴቶች ወስደውት የሚያረግዙትም ለዚህ ነው። ከግንኙነቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይወሰዳል፣ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል።

የወር አበባ ያዛባል። መቅደም፣ መዘግየት፣ በመሃል ጠብ ጠብ ማለት ይኖራል። አንድ ሳምንት ከዘገየ ተመርመሪ። በየወሩ ፋርማሲ የምትመላለሺ ከሆነ ግን አቅሙ ከመደበኛዎቹ መከላከያዎች ያነሰ መሆኑን እወቂ። እንክብል፣ በክንድ የሚቀበረው ወይም ሉፕ በእጅጉ የበለጠ አስተማማኝ ናቸው።

ሉፕ ወደ ልብ ይሄዳል የሚባለው እውነት ነው?

አይሄድም። ከማህፀን ወደ ልብ የሚወስድ መንገድ የለም። ሉፕ የሚቀመጠው ማህፀን ውስጥ ነው፤ ክሩ በማህፀን በር በኩል ትንሽ ብቅ ይላል። አልፎ አልፎ ራሱ ይወጣል። በጣም ጥቂት ጊዜ ደግሞ ሲገባ የማህፀኑን ግድግዳ በስቶ ሆድ ዕቃ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ያኔ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ክሩን መዳሰስ ካቃተሽ አስመርምሪ።

ድንግልና በምርመራ ይታወቃል?

አይታወቅም። የድንግልና ሽፋን የሚባለው በብልት መግቢያ ዙሪያ ያለ ስስ የሥጋ ቀለበት ነው። መሃሉ ክፍት ነው፤ ክፍት ባይሆን የወር አበባ በየት ይወጣል? ከሴት ሴት ይለያያል። አንዳንዷ ስትወለድም በጣም ትንሽ ነው ያላት፤ የአንዳንዷ ከግንኙነት በኋላም ሳይቀደድ ይቆያል። ብዙ ሴቶች በመጀመሪያው ቀን አይደሙም።

የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት ስለሌለው እንዲቀር ጠይቀዋል። በአንሶላ ላይ በሚታይ ደም የአንዲትን ልጅ ታማኝነት መለካት ሰውነቷን ካለማወቅ የመጣ ነው።

ተገርዣለሁ። መውለድ ይከለክለኛል?

አብዛኛውን ጊዜ አይከለክልም፤ ማህፀንና ኦቫሪ አይነኩም። እንደ ግርዛቱ ዓይነት ግን ምጥን ሊያከብድ፣ ሊያስቀድድና ሊያደማ ይችላል። በአፋርና በሶማሌ አካባቢ እንደሚደረገው የተሰፋ ከሆነ ደግሞ ልጁ ከመወለዱ በፊት መከፈት አለበት፤ እርግዝና ክትትል ስትጀምሪ ለአዋላጇ ንገሪያት። በተቆረጠው ጠባሳ ሥር የቂንጥር ክፍል ስለሚቀር ስሜት ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል ማለትም አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያት ከመቶ 65ቱ የተገረዙ ነበሩ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ድርጊቱን ያስቀጣል።

«ማህፀንሽ ዞሯል» ተባልኩ። ላይረገዝልኝ ነው?

ይረገዛል። የብዙ ሴት ማህፀን ወደ ፊት ያዘነበለ ነው፤ ከአምስቷ የአንዷ ደግሞ ወደ ኋላ። ግራኝ እንደመሆን ያለ ልዩነት ነው፤ በማሸትም አይመለስም፣ መመለስም አያስፈልገውም። እርግዝና አንድ ዓመት ሙሉ ከተሞከረ በኋላም ካልመጣ (ከ35 ዓመት በላይ ከሆንሽ ስድስት ወር በቂ ነው) ሁለታችሁም ተመርመሩ። የእሱ የዘር ምርመራ ቀላልና ርካሽ ነው። ሆኖም ብዙ ሴት ቱቦዋ ሁሉ ታይቶ ካለቀ በኋላ ነው ባል የሚጠየቀው!

እርግዝና ማህፀን ሳይደርስ ቱቦ ላይ ሊቀር ይችላል?

ይችላል። ዘርና እንቁላል የሚገናኙት ቱቦው ውስጥ ነው። ፅንሱ ወርዶ ማህፀን ላይ መጣበቅ ሲገባው ቱቦው ላይ ከቀረ ከማህፀን ውጭ እርግዝና ይባላል። ቀድሞ በኢንፌክሽን የተጎዳ ቱቦ ለዚህ ይጋለጣል። ቱቦው ልጅ ማሳደግ አይችልም፤ ይፈነዳል።

የወር አበባ ቀርቶ በአንድ በኩል የታችኛው ሆድ ህመም፣ ትንሽ ደም፣ ራስን የማዞር ስሜት፣ የትከሻ ጫፍ ህመም ካለ እስከ ነገ አይቆይም። በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። በጊዜ ከተደረሰበት አንዳንዴ በመርፌ መድኃኒት ብቻ ይድናል።

የማህፀን በር ካንሰር ይከላከሉታል?

ከካንሰሮች ሁሉ መከላከል ከሚቻሉት ዋናው ነው። የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ ነው፤ በግንኙነት ይተላለፋል። አብዛኛው ሰው ይያዛል፣ አብዛኛው ራሱ ያጠፋዋል። ሳይጠፋ የቀረባት ሴት ላይ በዓመታት ውስጥ የበሩን ሴሎች ይቀይራል። ኢትዮጵያ ክትባቱን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች።

ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለሽ ከሆንሽ ምንም ሳያምሽ ተመርመሪ። በጤና ጣቢያ በሩ ላይ የተበጠበጠ አሴቲክ አሲድ ይቀቡትና አንድ ደቂቃ ይጠብቃሉ፤ የተለወጠው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ካንሰር ከመሆኑ በፊት እዚያው ይታከማል።

እናቴ ካረጠች ሦስት ዓመቷ ነው። ሰሞኑን ደም ታያት። የወር አበባዋ ተመልሶ ነው?

አልተመለሰም። ማረጥ የሚባለው ደሙ አንድ ዓመት ሙሉ ሲቀር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ይመጣል። ኦቫሪዎቹ ሥራ አቁመዋል፣ ኤስትሮጅን ወርዷል። ፊትን የሚያግለው ወበቅ፣ የሌሊቱ ላብ፣ የብልት ድርቀት ከዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚታይ ደም፣ አንድ ጠብታም ብትሆን፣ ትመርመር። ብዙ ጊዜ በድርቀት የሳሳ ቆዳ ወይም ቀላል እጢ ሆኖ ይገኛል። የማህፀን ካንሰር የመጀመሪያ ምልክትም ግን ይኸው ደም ነው። በአልትራሳውንድ የሽፋኑ ውፍረት ይለካል፤ ከወፈረ ትንሽ ናሙና ይወሰዳል። «በዚህ ዕድሜዬ ማን ፊት ልገለጥ» ብትልሽ ሴት ሐኪም ፈልጊላትና አብረሻት ሂጂ።